የቤዝ ጊታር ገበቴ፦ የካብ ሲም ፔዳል ማዞሪያዎች ድምፁን እንዴት ይቀርፁታል?

ክራር በእጃችሁ ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። አንዱን ክር እየመታችሁ የገበቴውን ቆዳ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። ድምፁ ወዲያው ይታፈናል። ክሩ ያው ክር ነው፤ ቅኝቱም አልተነካም። የታፈነው ገበቴው ነው። የክራር ድምፅ የምንለው ነገር አብዛኛው ያለው እዚያ ቆዳና እንጨት ውስጥ ነው።

ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር እንዲህ ያለ ገበቴ የለውም። አካሉ ድፍን እንጨት ነው። ከክሩ ሥር ያለው ፒክአፕ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኬብሉ ተቀብሎ ይወስደዋል። ታዲያ ገበቴው የት ነው? ስፒከሩ የተገጠመበት ሳጥን ነው። ቤዝ ተጫዋች አምፑን (ድምፅ ማጉያውን ከነሳጥኑ) ትቶ ኬብሉን በቀጥታ ሚክሰር (የድምፅ መቀላቀያ) ላይ ሲሰካ፣ ገበቴውን ቤት ጥሎት መጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ደረቅ ነው። የጣት ጭረቱና የፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ቅጭልጭልታ ከዜማው ቀድሞ ጆሮ ይገባል።

ካብ ሲም የሚባለው ፔዳል የተሠራው ይህን ገበቴ ለመመለስ ነው፤ የስፒከር ሳጥንንና ፊቱ የቆመ ማይክን ያስመስላል። ብዙ አዳራሽ ውስጥ የቤዝ አምፕ አይኖርም፤ ያለው ሚክሰርና ትልልቅ ስፒከር ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ለብዙ ተጫዋች የግድ ሆኗል። ግን ማዞሪያዎቹን በግምት የሚያዞር ሰው በጣም ብዙ ነው። ያ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ ሲገባ ቀላል ነው።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ አንድ ነው። ማዞሪያ ስነካ "አሁን ክፍሉ ውስጥ ምን ዕቃ አንቀሳቀስኩ?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሳጥኑን ቀየርኩት? ማይኩን አራቅኩት? መልሱን ካወቅኩ ጆሮዬ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

ሳጥኑ የሚያስቀረው

በቤዝ ዓለም በጣም የታወቀውን ሳጥን እንውሰድ። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤስ ቪ ቲ የሚባል 300 ዋት አምፕ አወጣ። አብሮት የሚሄደው ሳጥን 8 ስፒከሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 10 ኢንች ናቸው። ሳጥኑ ግዙፍና ከባድ ስለሆነ ሙዚቀኞች "ፍሪጅ" ይሉታል። ፔዳላችሁ ላይ "8 በ10" የሚል ምርጫ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተቀዳው ከዚህ ሳጥን ነው።

አሁን ቁጥሩን እንይ። የዚህ ሳጥን ዘመናዊ ሞዴል መግለጫ በደንብ የሚያወጣው ድምፅ ከ58 ኸርዝ (በሰከንድ 58 ንዝረት) እስከ 5 ኪሎኸርዝ (5,000 ኸርዝ) ነው ይላል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ክፍቱን ሲመታ ግን 41 ኸርዝ ነው። ማለትም በዓለም ላይ "ወፍራም" በሚባልለት ሳጥን ውስጥ እንኳ የዝቅተኛው ኖታ መሠረት በሙሉ ኃይሉ አይወጣም። ተዳክሞ ነው የሚወጣው።

ታዲያ ለምን ወፍራም ሆኖ ይሰማናል? አንድ ክር ሲመታ የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ከ41ዱ በላይ 82፣ 123፣ 164 እያለ የሚቀጥል ድርብርብ ድምፅ አለው። ጆሯችን እነዚህን የላይኞቹን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በትንሽ የስልክ ስፒከር ዘፈን ስትሰሙ የቤዙን ዜማ መከተል የምትችሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ስልኩ 41 ኸርዝ ሊያወጣ አይችልም፤ ጆሯችሁ ነው የሚጨምረው።

ይህ ነገር ከገባችሁ የፔዳሉ ግማሽ ገባችሁ። የቤዝ ውፍረት የሚገኘው ታችኛውን ድምፅ በመቆለል አይደለም። ብዙው ያለው ከ80 እስከ 200 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው።

ከላይ በኩልም ሳጥኑ ከ5 ኪሎኸርዝ በኋላ ቶሎ ይወርዳል። የክሩ ጭረት፣ የፍሬቱ ቅጭልጭልታ፣ ድምፅን ሆን ብሎ የሚያሻክረው የዲስቶርሽን ፔዳል የሚያመጣው የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ፣ ብዙው እዚያ ላይ ነው ያለው። ሳጥኑ ያጣራዋል። ማጣሪያው ሲቀር ሁሉም በሚክሰሩ በኩል ተንጋግቶ ይወጣል።

አሻራው እንዴት ይወሰዳል?

የድሮዎቹ ፔዳሎች ይህን ማጣራት የሚሠሩት በተራ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ነው። የዛሬዎቹ ዲጂታል ፔዳሎች ብዙዎቹ ደግሞ ኢምፐልስ ሪስፖንስ፣ ባጭሩ አይ አር፣ የሚባል ነገር ይጠቀማሉ።

ባዶ አዳራሽ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ጊዜ ብታጨበጭቡ የሚመለሰው ድምፅ ስለ አዳራሹ ይነግራችኋል። ስፋቱን፣ ግድግዳው ድንጋይ ይሁን መጋረጃ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ትገምታላችሁ። አይ አርም እንዲሁ ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ የታወቀ ድምፅ ይለቀቃል፤ ፊት ለፊቱ በቆመ ማይክ ይቀዳል፤ ከዚያ የሳጥኑና የማይኩ አሻራ በስሌት ይወጣል። ፔዳሉ ይህን አሻራ እናንተ በምትመቱት እያንዳንዱ ኖታ ላይ ያትመዋል።

እዚህ ላይ ለቤዝ ተጫዋች በጣም የሚጠቅም፣ ግን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የአሻራው ርዝመት ነው።

ዲጂታል ድምፅ በሰከንድ ብዙ ጊዜ 48,000 ነጥብ ሆኖ ይከፋፈላል። አንዳንድ ፔዳል አሻራውን 1,024 ነጥብ ላይ ይቆርጠዋል። ይህ ወደ ጊዜ ሲለወጥ 21 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። የኢ ክር አንድ ንዝረት ግን 24 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። አሻራው አንድ ሙሉ ንዝረት ሳይሞላ አለቀ ማለት ነው! እንዲህ ያለ አጭር አሻራ ሳጥኑ ታችኛው ድምፅ ላይ የሚያደርገውን በትክክል ሊይዘው አይችልም። 2,048 ነጥብ ሲሆን 43 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል፤ ለቤዝ ያ ይሻላል። ሊድ ጊታር የሚጫወት ጓደኛችሁ "እኔ ልዩነቱን አልሰማም" ቢላችሁ እውነቱን ነው። የእሱ ዝቅተኛ ክር 82 ኸርዝ ነው፤ አንድ ንዝረቱ በ12 ሚሊሴኮንድ ያልቃል። ፔዳላችሁ ርዝመቱን የሚያስመርጥ ከሆነ ረጅሙን ምረጡ።

አንድ ነገር ግን ከአሻራው ውጭ ይቀራል። እውነተኛ ስፒከር በኃይል ሲገፋ ይጨነቃል፤ ድምፁም ይሰበሰባል፣ ትንሽም ይሻክራል። አሻራው ይህን አይዝም። ያን ስሜት የምትፈልጉ ከሆነ ከካብ ሲሙ በፊት ባለው የድራይቭ (የማሻከሪያ) ማዞሪያ ነው የምትፈልጉት።

ሳጥን መምረጥ

አብዛኛው ፔዳል የሳጥን ምርጫ ይሰጣል። 1 ባለ 15 ኢንች፣ 4 ባለ 10 ኢንች፣ 8 ባለ 10 ኢንች የሚሉት የተለመዱ ናቸው። በተለምዶ 15 ኢንቹ ክብና ለስላሳ ነው ይባላል፤ 4 በ10 ደግሞ ፈጠን ያለና ጥርት ያለ ነው ይባላል። በኢንቹ ብቻ ግን አትፍረዱ። ሳጥኑ ድፍን መሆኑ ወይም የአየር መውጫ ያለው መሆኑም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ድፍኑ ሳጥን ወደ ታች ሲሄድ ቀስ እያለ ይደክማል። መውጫ ያለው ትንሽ ወደ ታች ይደፍርና ከዚያ በኋላ ቶሎ ይወድቃል። ስሙን ሳታዩ አዳምጡና የወደዳችሁትን ያዙ።

ማይኩ የት ቆመ?

ፔዳላችሁ የሚያስመስለውን ማይክ ቦታ የመቀየር ምርጫ ካለው፣ ከሁሉም ማዞሪያ በፊት እሱን ተማሩት። እኔ ትሬብልና ቤዝ የሚለውን ከመንካቴ በፊት ሁልጊዜ ማይኩን ነው የማንቀሳቅሰው።

የስፒከርን ፊት ስታዩ መሐሉ ላይ ክብ ቆብ አለ። ማይክ በቆቡ ትይዩ ሲቆም ድምፁ ጥርት ይላል፤ ጣታችሁ ክሩን ሲነካ ያለው ዝርዝር ሁሉ ይሰማል። ወደ ጠርዙ ሲሸሽ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ጨለም ይላል። ይህ ትሬብል ከመቀነስ የተለየ ነው። ትሬብል ከላይ ያለውን በጅምላ ነው ዝቅ የሚያደርገው። የማይኩ ቦታ ግን የድምፁን መልክ ነው የሚቀይረው፤ አንዳንዱ ቦታ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይገባል።

ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ብዙው ማይክ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ታችኛው ድምፅ ያብጣል። ዘፋኝ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ሲለጥፍ ድምፁ የሚጎረንነው በዚሁ ነው። የኤሌክትሮ ቮይስ አር ኢ 20 ግን ይህ እብጠት እንዲቀንስበት ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጠጋ ብሎም ረጋ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ኤ ኬ ጂ ዲ 112 ለኪክ ድራም (በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ) የተለመደ ማይክ ነው፤ የራሱን ቅርፅ ድምፁ ላይ ይጨምራል። ሹር ኤስ ኤም 57 መሐለኛውን ድምፅ ወደ ፊት ያመጣል። ቤዛችሁ ከኪኩ ጋር እየተጋጨ ከሆነ ማይክ መቀየር ብቻውን አንዳንዴ ይበቃል።

የታችና የላይ መቁረጫ

ሎው ከት እና ሃይ ከት የሚሉት ሁለቱ ማዞሪያዎች ቀላል ናቸው፤ ስማቸው ግን ያደናግራል። አንዳንዱ ፔዳል ሎው ከትን ሃይ ፓስ ብሎ ይጠራዋል። ሃይ ፓስ ማለት "ከፍተኛው ይለፍ" ማለት ስለሆነ የሚቆርጠው ታችኛውን ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ሥራ ናቸው።

ሎው ከትን ከ35 እስከ 40 ኸርዝ አካባቢ ጀምሩ። "ቤዝ ሆኜ ቤዝ ልቁረጥ?" ትሉ ይሆናል። አዎ። ከዚያ በታች ያለው ብዙው የእጅ እንቅስቃሴና ክሩን ስትይዙ የሚመጣ ዱብ የሚል ድምፅ ነው። ለጆሮ ብዙም አይሰማም፤ የአዳራሹን ሰብ ዉፈር (ታችኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) ግን ያደክማል። አምስት ክር ያለው ቤዝ ከሆነ ዝቅተኛው ቢ 31 ኸርዝ ስለሆነ እስከ 30 ዝቅ አድርጉት። አዳራሹ የሚያገሳ ከሆነ ደግሞ ወደ 60 ከፍ ለማድረግ አትፍሩ። ፍሪጁ ራሱ በ58 ይጀምር እንደነበር አስታውሱ።

ሃይ ከትን በጣት ለሚጫወት ሰው ከ5 እስከ 6 ኪሎኸርዝ ጥሩ መነሻ ነው። የድሮ ድምፅ ከፈለጋችሁ ወደ 3 አውርዱት። ዲስቶርሽን ካለ 4 አካባቢ ሆኖ የንቡ ድምፅ ሲጠፋ ቁሙ።

ብሌንድ፣ ድምፅ የሚጠፋበት ማዞሪያ

ብሌንድ የሚለው ማዞሪያ ንጹሑን የቤዝ ድምፅ በሳጥኑ ካለፈው ጋር ያደባልቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዲስቶርሽን ስትጠቀሙ ታችኛው ድምፅ ይሳሳል፤ ንጹሑን ስትጨምሩ ይመለሳል። ግን ብዙ ሰው መሐል ላይ ሲያደርሰው ቤዙ በድንገት ባዶ ይሆንበታል። ፔዳሉ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም።

ድምፅ አየር ውስጥ 34 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 1 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። አሻራው ሲወሰድ ማይኩ ከስፒከሩ በዚህ ያህል ርቆ ከነበረ፣ መዘግየቱ አሻራው ውስጥ አብሮ ሊቀር ይችላል። ንጹሑ ድምፅ ግን አይዘገይም። ስለዚህ አንዱ ድምፅ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው 1 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። 500 ኸርዝ ላይ ያ መዘግየት የአንድ ንዝረት ግማሽ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ተጠፋፍተው ዝም ይላሉ። ከዚያ 1,500 ላይ፣ 2,500 ላይ እንዲሁ ይደገማል። 500 ደግሞ ቤዝ በባንድ መሐል "እዚህ ነኝ" የሚልበት አካባቢ ነው። መዘግየቱ 2 ሚሊሴኮንድ ከሆነ ጉድጓዱ ወደ 250 ይወርዳል፤ ያኔ ሥጋው ራሱ ይቀልጣል።

ሁለቱ ድምፆች እኩል ሲሆኑ ጉድጓዱ በጣም ጥልቅ ይሆናል። ለዚህ ነው መሐል ላይ የሚብሰው። መፍትሔው ጥቂት ነው። ፖላሪቲ ወይም ፌዝ የሚል (የአንዱን ድምፅ ንዝረት የሚገለብጥ) ማብሪያ ካለ ገልብጡትና ወፍራም የሚሆንበትን ጎን ያዙ። የመዘግየት ማስተካከያ ካለ እሱን በጥቂቱ አንቀሳቅሱ። ሁለቱም ከሌሉ ብሌንዱን ከመሐል አርቁት፤ አንዱ በግልጽ ይብለጥ። አንዳንድ ፔዳል ከተወሰነ ኸርዝ በታች ንጹሑን ብቻ፣ ከዚያ በላይ የተጣራውን ብቻ ያሳልፋል። ለዲስቶርሽን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም፤ ሁለቱ ድምፆች እምብዛም ስለማይገናኙ ለመጠፋፋት ዕድል አያገኙም።

ሁለት ገበቴ

ካብ ሲም በፔዳሎቹ ሰልፍ መጨረሻ ነው የሚቀመጠው። ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን የሚያቀራርበው)፣ ዲስቶርሽን፣ ከዚያ ካብ ሲም፣ ከዚያ ሚክሰር። ዲስቶርሽኑ ከካብ ሲሙ በኋላ ከሆነ ድምፁ ከመሻከሩ በፊት ተጣራ ማለት ነው።

ካብ ሲም እንደበራ በእውነተኛ የቤዝ አምፕ መጫወት ደግሞ ሌላ ችግር ነው። እኔ ፔዳሉን በገዛሁ ሰሞን ለወራት እንዲህ አድርጌ ተጫውቻለሁ። ልምምድ ላይ ድምፄ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር። ክሩ ያረጀ መስሎኝ ቀየርኩ። ፒክአፑን ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ድራመራችን ፔዳሉን በእግሩ ሳያውቅ አጠፋው፤ ድምፄ ወዲያው ተከፈተ። ሁለት ሳጥን ደራርቤ ነበር፤ አንደኛው ያጣራውን ሁለተኛው እንደገና ያጣራው ነበር። ብዙ ፔዳል ሁለት መውጫ ያለው ለዚህ ነው። ከካብ ሲም ጋር ያለው ለሚክሰሩ፣ ያለ ካብ ሲም ያለው መድረክ ላይ ላለው አምፕ።

በባህል ምሽት ቤት ቤዝ ክራር የምትጫወቱ ልጆችም ይህን ፔዳል ብትሞክሩት እመክራለሁ። ክራሩ የራሱ ገበቴ አለው፤ ግን ፒክአፑ ከድልድዩ ሥር የተለጠፈ ፒየዞ (ንዝረቱን በቀጥታ ከተለጠፈበት የሚቀበል) ከሆነ ወደ ሚክሰር የሚልከው ድምፅ ጠጣርና ቅጭልጭል የሚል ነው። ሃይ ከትን 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ አድርጎ ለስለስ ያለ 15 ኢንች መምረጥ ብዙ ይለውጠዋል።

የቀሩት

ሩም የሚለው ማዞሪያ የክፍል አስተጋቢነት ይጨምራል። መድረክ ላይ ዜሮ ይሁን፤ አዳራሹ የራሱ አለው። ፕረዘንስ የላይኛውን ጥራት ይጨምራል፤ በጥቂቱ ይበቃል። ሌቭል የሚለውን ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል እስኪሆን አስተካክሉት። ጮክ ያለ ነገር ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ ካልተካከለ ጆሯችሁ ይታለላል።

ግራውንድ ሊፍት የሚለው ማብሪያ ወደ ሚክሰር በሚሄደው ኤክስ ኤል አር ኬብል በኩል እምምም የሚል ድምፅ ሲመጣ የሚነካ ነው። ይህን ድምፅ ለማጥፋት ብለው የአምፑን የመሬት ገመድ ከሶኬቱ የሚያላቅቁ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። አምፑ ችግር ካለበት ኤሌክትሪኩ በክሩ አድርጎ ወደ እጃችሁ፣ ከማይኩ ጋር ደግሞ ወደ ከንፈራችሁ ይመጣል። ሰው ይገድላል። ማብሪያው የተሠራው ገመዱ ሳይነካ ድምፁ እንዲጠፋ ነው።

ቤት የሠራችሁት አዳራሽ ሲደርስ

በሄድፎን ለብቻችሁ ያስተካከላችሁት ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ይሆናል። የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ታችኛውን በደንብ አይሰማም። ቤት ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስትጫወቱ ቤዙ የጎደለ ይመስላችሁና ትጨምራላችሁ። አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከፍ ሲል የጨመራችሁት ሁሉ አብሮ ያብጣል። ስለዚህ ቤት ስታዘጋጁ ለጆሮ ትንሽ ቀጠን ያለ ላይ ተዉት።

ዘፈኑም ይወስናል። በዝግታ ለሚሄድ ትዝታ ማይኩን ወደ ጠርዝ፣ ሃይ ከቱን ወደ 3 አውርዱት፤ ኖታው ረጅም ስለሆነ ቦታ አለው። ችክችካ ላይ ግን ከበሮውና ኪኩ ቦታውን ሁሉ ይዘውታል። እዚያ ለስላሳ ድምፅ ይሰምጣል። ማይኩን ወደ ቆቡ አምጡት፣ ሎው ከቱን ወደ 50 ከፍ አድርጉት፣ 700 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ጨምሩ። ለብቻው ሲሰማ ደስ ላይል ይችላል። ከባንዱ ጋር ግን እያንዳንዱ ኖታ ይለያል።

ሳውንድ ቼክ ላይ ቤዙን ለጓደኛችሁ ስጡትና እሱ ከባንዱ ጋር ሲጫወት እናንተ እስከ አዳራሹ የኋላ ግድግዳ ሂዱ። ኢ ላይ ነው ያለው ወይስ ኤፍ ላይ? መለየት ካቃታችሁ ቤዝ የሚለውን ማዞሪያ አትጨምሩ። ተመልሳችሁ ሎው ከቱን ጥቂት ከፍ አድርጉና ማይኩን ወደ ቆቡ በጣት ስፋት አስጠጉት፤ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ ሄዳችሁ አድምጡ።